ልጅ በምን ያድጋል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ሰውን ከአንዲት ጠብታ ፈጥሮ ደረጃ በደረጃ ላሳደገው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ተደርገው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ይህ ጽሑፍ የመስጂዳችን ኮሚቴ ባዘጋጀው የመታሰቢያ በዓል ላይ ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው በዚህ መጽሔት እንዲወጣ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ቤቱ ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ስለዚህ ስታነቡት ከፊት ለፊቴ እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

ከዒሻ ሰላት በኋላ ሚሕራቡ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ልጅ ታቅፎ የሚመጣ ወላጅ አላጣም። «ሼህ፣ ይህ ልጅ አላድግ አለ፤ ዓይን በልቶት ይሆናልና ይቅሩበት» ይሉኛል። ዓይን እውነት መሆኑን በሐዲስ ስለምናውቅ እቀራበታለሁ፤ ዱዓም አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አስከትላለሁ። «ዛሬ ጧት ምን በላ?» እላለሁ። አባትየው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ዞር ብሎ እናትየውን ያያል።

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርኩት ከኪታብ አግኝቼው አይደለም። በገዛ ቤቴ በደረሰ ነገር ተምሬ ነው። እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ሦስተኛዋ ልጄ የአሥራ አራት ወር ሕፃን ነበረች። ሳቂታ ነበረች፤ ነገር ግን ትንሽና ገና ያልቆመች ነበረች። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር ወደ እኛም ገባች። ከቦርሳዋ ቀለማት ያሉበት ጥብጣብ አውጥታ የልጄን ክንድ ለካች። መለኪያው ቢጫው ላይ ዋለ። «ኡስታዝ፣ ሕፃኗ ምግብ አንሷታል» አለችኝ። እኔም ተቆጣሁ። «በዚህ ቤት ማን ተርቦ ያውቃል? እንግዳ የማይጠፋበት፣ ሶደቃ የሚበላበት ቤት ነው» አልኳት። ሠራተኛዋ አንገቷን ደፍታ፣ «እንግዳውማ ይበላል ኡስታዝ፤ እኔ የምለው ስለ ሕፃኗ ነው» አለች።

ያን ዕለት ማታ ገበታችንን ልብ ብዬ ተመለከትኩት። በመጀመሪያ ለእኔና ለእንግዶቼ ቀረበ፤ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ማሩ ሁሉ እዚያ ነው። ቀጥሎ ወንዶቹ ልጆች በሉ። በመጨረሻ እናትየው ሕፃኗን ታቅፋ ጓዳ ተቀመጠች፤ ለልጅቱ የደረሳትም በወጥ ጭላጭ የራሰ እንጀራ ነበር። ማንም አልከለከላትም፤ ማንም ግን አላሰበላትም። እኔም በየጁምዓው ሚንበር ላይ ወጥቼ ስለ አማና የምናገር ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጤና ሠራተኛዋ እንዳለችን ለሕፃኗ የተለየ ምግብ ይሠራላት ጀመር። በቀን አንድ እንቁላል፣ ከእህልና ከባቄላ ዱቄት የተሠራ ወፈር ያለ ገንፎ ጥቂት ዘይት ተጨምሮበት፣ ከጡቱ ጋር። በሦስተኛው ወር መለኪያው አረንጓዴ ላይ ገባ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይሁን እንጂ ቁመቷ ታላቅ እህቷ በዚህ ዕድሜዋ ከነበራት ቁመት ያንሳል። ይህን የምናገረው የጠፋው ሁሉ እንደማይመለስ እንድታውቁ ነው። ጥብጣቡን ለማታውቁት፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሠራ መለኪያ ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሣንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የልጅ ዕድገት ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው የአካል መጨመር ሲሆን በሚዛንና በሜትር ይለካል። ሁለተኛው የችሎታ መብሰል ሲሆን ይኸውም መቀመጥ፣ መራመድ፣ መናገር፣ ማሰብና ከሰው ጋር መኖር ነው። ሁለቱ እንደ ወንድማማች ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላውም ይጎዳል።

ጤነኛ ሕፃን ሲወለድ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ግራም ያህል፣ ርዝመቱም 50 ሣንቲ ሜትር ያህል ነው። በአምስትና በስድስት ወሩ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ርዝመቱም ወደ 75 ሣንቲ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በኋላ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ባለ ፍጥነት አያድግም። አንጎሉም እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው የአዋቂ ሰው አንጎል ከሚኖረው መጠን አራት አምስተኛ ያህሉን ይደርሳል። ሐኪሞች ስለ አንድ ሺህ ቀናት የሚናገሩት ስለዚህ ነው። የእርግዝናው 270 ቀንና የሁለቱ ዓመት 730 ቀን ሲደመር አንድ ሺህ ይሆናል። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን በዝናብ ወቅት ትቶ ጣሪያውን ቢያሳምር ምን ይጠቅመዋል?

ይህን የመሰለ ዕድገት ከምን ይመጣል? ምንስ ያሰናክለዋል? እኔ በስድስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛው ዘር ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ የገጠር ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ሚስቱ እሱን የማይመስል ጥቁር ልጅ እንደወለደች በጥርጣሬ ተናገረ። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ቀይ ናቸው አለ። ከመካከላቸው አመድማ አለ ወይ አሉት። አዎን አለ። ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁት፣ ምናልባት የዘር ሥር ስቦት ይሆናል አለ። የልጅህም ነገር እንደዚሁ ሊሆን ይችላል ብለው መለሱት። እንግዲህ መልክ፣ ቀለምና ቁመት ከአባትና ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአያት ከቅድመ አያትም እንደሚመጣ ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን ዘር ድንበሩን ያሠምራል እንጂ እዚያ ድረስ አያደርስም። ለዚህ የራሴን ቤተሰብ ምሳሌ አድርጌ ላቅርብ። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ በተመታ ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ከዚያ በፊት በደህና ዘመን አድጓል፤ ታናሼ ከዚያ በኋላ ተወልዷል። ሦስታችን ሰልፍ ብንቆም በመካከል ያለሁት እኔ ከሁለቱም በአንድ ስንዝር አንሳለሁ። እናታችን አላህ ይዘንላትና፣ «አንተ የክፉ ቀን ልጄ ነህ» ትለኝ ነበር። ዘሩ አንድ ነው፤ ዘመኑ ግን አንድ አልነበረም።

የአገራችንም ቁጥር ይህንኑ ይናገራል። በአገር አቀፍ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 38 ከመቶ ወርዷል። በአሥራ ስድስት ዓመት የሕዝብ ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ምግቡ፣ ውኃው፣ ክትባቱና የእናቶች እውቀት ነው። ስለሆነም «የእኛ ዘር ድሮም አጭር ነው» እያልን ራሳችንን ማጽናናት አይገባንም። 38 ከመቶ ማለት ደግሞ በሰፍ ከሚቆሙት አሥር ሕፃናት አራቱ ማለት ነው።

ሁለተኛው ማህፀን ነው። ቁርኣን በሱረቱ ሉቅማን 14ኛ አንቀጽ እናት ልጇን በድካም ላይ ድካም ተሸክማ እንደምታረግዝ ያስታውሰናል። ድካሟን እያስታወስን ሸክሙን ግን አናቀልላትም። በእርግዝናዋ ወራት ከበፊቱ የበለጠ ምግብና ዕረፍት ያስፈልጋታል፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል ሳታቋርጥ መዋጥ አለባት። ያልበላች እናት የምትወልደው ልጅ ገና ሲወለድ አንሶ ይወለዳል። ጫት የምትቅም እርጉዝም ልጇ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እርጉዝና የምታጠባ ሴት ለራሷም ሆነ ለልጇ ከፈራች የረመዳንን ጾም እንድታፈጥር ሸሪዓችን ፈቅዶላታል። «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ራሷን የምትጎዳ፣ ወይም ባሏና አማቷ ፊት የሚያጠቁሩባት እህት ካለች፣ አላህ ያቀለለውን ማክበድ ለማንም አልተፈቀደም። ልጃገረዶቻችንን ገና አካላቸው ሳይጠና መዳርም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሷ አድጋ ያልጨረሰች ልጅ በማህፀኗ ካለው ጋር ምግብ ትሻማለች።

ሦስተኛው ምግብ ነው። የመጀመሪያው ምግብ እንገር ነው። በአንዳንድ ቀበሌ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይታለብና ይደፋል፤ በምትኩ ሕፃኑ ቅቤ ይጋታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል፣ አላህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብሎ ያዘጋጀው ሲሳይ ነው። ተህኒክ ሱና ነው ብንል፣ ጥቂት ተምር ላንቃ ማስነካት ነው እንጂ ቅቤ መጋት አይደለም፤ እሱም ቢሆን በንጹሕ አፍና እጅ፣ ጡቱንም የማያዘገይ ይሁን።

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻ አይበቃውም። ሱረቱል በቀራ በ233ኛው አንቀጽ ማጥባትን ማሟላት ለሚሻ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደሆነ ይናገራል። በዚያው አንቀጽ የአጥቢዋ ቀለብና ልብስ በአባትየው ላይ መሆኑን ልብ በሉ። አጥቢዋን ማብላት የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ኢብን ሲናም (በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በቃኑን ኪታባቸው ስለ ሕፃን አያያዝ ሲጽፉ የእናትን ወተት ከሁሉ አስቀድመዋል።

ከስድስት ወር በኋላ የሚሰጠው ገንፎ ቀጭን አጥሚት አይሁን፤ ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ይሁን። ለሕፃን ሆድ ጠባብ ናት፤ በውኃ ከሞላች ለምግብ ቦታ የላትም። እህል ብቻም አይበቃም። አካል ገንቢው ከባቄላ፣ ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከሥጋ ይገኛል፤ ከጎመን፣ ከካሮትና ከፍራፍሬም የሚሻው አለ። ጨዋችንም አዮዲን ያለው ይሁን። በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው በአዮዲን ማነስ ነው፤ አዮዲን ያጣ ልጅ የሚጎዳው አንገቱ ብቻ ሳይሆን አእምሮውም ጭምር ነው።

«ድሃ ነኝ» የሚለኝ አባት አለ። የእውነት የሌለው አለ፤ ለእሱ ዘካና ሶደቃ ተደንግጓል፤ ጎረቤቱም በአላህ ፊት ይጠየቅበታል። ነገር ግን ወንድሜ፣ ከሰዓት በኋላ ለአንድ እስር ጫት የምታወጣውን ገንዘብ ቆጥረህ፣ በዚያ ገንዘብ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ዛሬ ማታ አስላ። እኔ ለማንም አልፈርድም። ሒሳቡን ብቻ አስላ።

አራተኛው በሽታና ንጽሕና ነው። የበላው ምግብ ሁሉ በተቅማጥ የሚወጣ ልጅ ቢመግቡት አይፋፋም። ውኃው ከጎርፍ፣ እጁ ከአፈር፣ መጸዳጃው ከሜዳ የሆነ ልጅ አንጀቱ ዘወትር ይታመማል፤ ምግቡንም ትላትል ይካፈለዋል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርግ ሰዎች ሆነን ልጅ ስናበላ እጃችንን አለመታጠባችን ያስገርመኛል። ክትባቱንም አታስታጉሉ፤ ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩና በ15 ወሩ ቀጠሮ አለው። የኩፍኝን በሽታ ያየ ወላጅ ከክትባት ወደኋላ አይልም።

ከዚሁ ጋር የሚነሡ ጎጂ ልማዶች አሉ። እንጥል በምላጭ ማስቆረጥ፣ የሕፃን ድድ ቆፍሮ ጥርስ ማውጣት፣ ሴት ልጅን መግረዝ የመሳሰሉት ናቸው። ግርዛቱን በእስልምና ስም የሚከላከል ሰው ስላለ እነግራችኋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የግብፅ ዳሩል ኢፍታ ክልክል መሆኑን አስታውቋል፤ የአገራችንም የወንጀል ሕግ ይቀጣበታል።

አምስተኛው ፀሐይ፣ እንቅልፍና ጨዋታ ነው። አገራችን ፀሐይ የሞላበት ሆኖ ሳለ፣ ሕፃናት በጨርቅ ተጠቅልለው ጨለማ ቤት ስለሚውሉ ሪኬትስ የሚባለው አጥንትን የሚያለሰልስ በሽታ ይይዛቸዋል። በአዲስ አበባ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የሐኪሞች ጥናት፣ በሳንባ ምች የታመሙት ሕፃናት ካልታመሙት ይልቅ በብዙ እጥፍ ሪኬትስ እንደነበረባቸው አሳይቷል። «ዓይን ያየዋል» ብሎ ልጅን መደበቅ እንዲህ ያለ ዋጋ ያስከፍላል። ጧት ጧት ልጁን ገለጥ አድርጋችሁ ፀሐይ አሙቁት፤ አያት ኩል ተኩላው ዱዓ ታድርግለት፤ ግን ይውጣ።

እንቅልፍም ምግብ ነው። ለአካል ዕድገት የሚያገለግለው ንጥረ ነገር በብዛት ወደ ደም የሚለቀቀው በከባድ እንቅልፍ ሰዓት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክና ቴሌቪዥን ፊት የሚቆይ ልጅ ከዚህ ይጎድልበታል። ጨዋታንም አትናቁ። ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በኢሕያእ ኪታባቸው ልጅ ከትምህርት ሲመለስ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት መፍቀድ እንደሚገባ፣ ከጨዋታ ከልክሎ ዘወትር ትምህርት ላይ ማድከም ልቡን እንደሚገድል ጽፈዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ትንሿ ወፉ የሞተችበትን ሕፃን አቡ ዑመይርን ስለ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር።

ስድስተኛው ፍቅርና አነጋገር ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን እነግራችኋለሁ።

በ2001 ዓ.ም. ግድም ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆችን ቁርኣን አስቀራ ነበር። ከመካከላቸው አያቱ የምታሳድገው የዘጠኝ ዓመት የቲም ልጅ ነበር። ባልንጀሮቹ ጁዝ ዐማን ሲያገባድዱ እሱ በአጫጭሮቹ ሱራዎች ላይ ቆሞ ቀረ። ‹ሚም›ን ‹ኑን› እያለ ይቀራል። ከኋላ ተቀምጦ የሌሎቹን አፍ አፍ ያያል። እኔም ሰነፍ ነው፣ ልቡ ጨዋታ ላይ ነው አልኩ። በአለንጋም መታሁት። አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ብዙ ቀን መታሁት።

አንድ ቀን አያቱ መጡ። ተቆጥተው አልመጡም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙና፣ «ሼህ፣ ልጁን ከፊት ቢያስቀምጡልኝ ብዬ ነው። በሕፃንነቱ ጆሮው ይመግል ነበር፤ ከሩቅ አይሰማም» አሉ። «ታዲያ እማማ፣ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ያውቃሉ ብዬ ነው፤ አስተማሪው አይደሉ?» አሉኝ።

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ልጁን ከአጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ጆሮውም በጤና ጣቢያ ታከመ። ዓመት ሳይሞላው ጁዝ ዐማን ጨረሰ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ያልሰማውን ነበር የምጠይቀው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ባለፈው ዒድ ቤቱ ድረስ ሄጄ ዐፍው እንዲለኝ ለመንኩት። «እኔማ ረስቼዋለሁ ኡስታዝ» ብሎ ሳቀ። ስሰናበተው ግን ልጨብጠው እጄን ሳነሣ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። አንደበቱ ረስቶት ነበር፤ አካሉ ግን አልረሳም።

ስለዚህ ልጅ ሲዘገይ ከመምታታችሁ በፊት መርምሩ። ይሰማል? ያያል? በልቶ መጥቷል? ሌሊት ተኝቷል? ቤቱ ውስጥ ጠብ አለ? ኢብን ኸልዱን (በ1406 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በሙቀዲማቸው በጭካኔ የሚማር ልጅ ውሸትንና ተንኮልን እንደሚለምድ፣ ንቃቱም እንደሚጠፋ ካስረዱ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አነስ ኢብን ማሊክም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለአሥር ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ በቁጣ ኡፍ እንዳላሉት ተናግሯል። እኛ በእጃችን ያለውን አለንጋ ከየት አመጣነው?

ፍቅር ለልብ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ፤ ለአካልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በሩማንያ የነበረው አገዛዝ በወደቀ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕፃናት በማሳደጊያዎች ተከማችተው ተገኙ። አልጋ ነበራቸው፤ ምግብም ይቀርብላቸው ነበር፤ የሚያቅፋቸውና የሚያጫውታቸው ግን አልነበረም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቁመታቸው፣ በንግግራቸውና በአእምሯቸው ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ዘግይተው ከገቡት ይልቅ የተሻለ አገግመዋል። የቲምን ማሳደግ በዲናችን ከፍተኛ ምንዳ ያለው መሆኑ ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት ተመልከቱ። ማብላት ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጃቸው የዘይነብ ልጅ የሆነችውን ኡማማን ታቅፈው ሰግደዋል፤ ሩኩዕ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሡ ይታቀፏታል። ከሰፍ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሰላቱን ያሳጥሩ ነበር። አሥር ልጆች ወልዶ አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ የተናገረውን አል-አቅረዕ ኢብን ሓቢስንም የማያዝን አይታዘንለትም ብለው ገሥጸውታል። እኛ ግን በመስጂድ ሕፃን ሲያለቅስ ፊታችንን አዙረን እናፈጣለን። ወንድ ልጅን መሳም ማሞላቀቅ ነው የሚል አባትም አለ። ከልጁ ጋር አውሩ፤ ገና ሳይናገር አውሩት። ቋንቋ በጆሮ ገብቶ ነው በአፍ የሚወጣው። እናት ቡና ስታፈላ «ይህ ጀበና ነው፣ ይህ ሲኒ ነው» ማለቷ ትምህርት ቤት ነው።

በመጨረሻ አንድ ሰው ከንግግሩ በኋላ ያነሣውን ጥያቄ ልመልስ። «ሪዝቁም ዕድሜውም በአላህ የተጻፈ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» አለኝ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ አንሥተው ነበር። ዑመርም አንድ ሰው ግመሎቹን ይዞ አንዱ ወገን ለምለም፣ ሌላው ወገን ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ ቢወርድ፣ በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ እንደሆነ ገለጹላቸው። እንግዲህ ሁለቱም ቀደር ከሆነ፣ እረኛ የሆንን ሁሉ ለምለሙን መፈለግ አለብን ማለት ነው። ልጁ ክንዱ ቀጥኖ ሳለ «የአላህ ሥራ ነው» ብሎ ዝም ማለት እምነት አይደለም፤ ስንፍናን በእምነት ልብስ ማልበስ ነው። እኔ ራሴ ያንን ልብስ ለብሼው ስለነበር አውቀዋለሁ።

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉን ማስታወስ ባትችሉ አራት ነገር ብቻ ያዙልኝ። ማታ ገበታ ሲቀርብ ትንሹ ልጅ የሚበላው ቀድሞ ይነሣለት። ከአምስት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጤና ኬላ ወስዳችሁ አስለኩት። ቁርኣን ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት የዘገየውን ልጅ ከመምታት በፊት ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ። እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት ውኃውንና እንጨቱን ሌላ ሰው ይሸከም። ለኮሚቴያችንም አደራ የምለው አለ፤ ለመስጂዱ ምንጣፍ እንደምናዋጣ ሁሉ፣ ጧት ሳይበሉ ቁርኣን ለሚቀሩት ልጆች ቁርስ የሚሆን እናዋጣ። የተራበ ልጅ የቀራው ቶሎ ይጠፋበታል።

እነዚያ አያት ከዓመታት በፊት ወደ አኺራ ሄደዋል። «አስተማሪው አይደሉ?» ያሉኝን ቃል ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ። እናንተም አባት አይደላችሁ? እናት አይደላችሁ?

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። በእጃችን ያኖረውን አማና ሳናጎድል የምናስረክብ ያድርገን። ባለማወቅ ለበደልናቸው ምሕረቱን ይስጠን። ይህን መስጂድ የሠሩትን፣ ያሠሩትንና የሚያገለግሉበትን ሁሉ ይቀበላቸው። አሚን።